ከጀልባዋ የወረደችው

አስፈሪ ነገር የሚመጣው በጨለማ ብቻ ነው ያላችሁ ማን ነው?

ይሄ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። እሁድ ቀን፣ ወደ ስድስት ሰዓት ግድም። ከእስቴ ወደ ስማዳ በሚወርደው የአባይ ሸለቆ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር።

ፈጠራ ነው የሚል ይኖራል። አልፈርድበትም። እኔም የደረሰባትን ልጅ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እስክሰማት ድረስ እንደዚያው ነበርኩ። ስታወራ አታለቅስም። ድምፅዋን ብቻ ዝቅ ታደርጋለች... ሌላ ሰው እንዳይሰማት የፈራች ይመስል።

እድላዊት ትባላለች። የእስቴዋ ከተማ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ናት። ዛሬ ግን አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። እናቷ ቤት ከሄደች ዓመት አልፏታል።

ለምን እንደማትሄድ ልንገራችሁ።

እድላዊት ሥራዋ ወንዝ መለካት ነው። ጥልቀቱን፣ ፍጥነቱን፣ የሚያወርደውን ደለል ትለካለች። ክረምቱ አልፎ አባይ ረገብ ሲል፣ በኅዳር ወር፣ ከአንድ ቀዛፊ ጋር በጎማ ጀልባ እየለኩ ከእስቴ በታች ወደ ስማዳ እንዲወርዱ ተላኩ። ቀዛፊው ቻላቸው ነው። ጣና ዳር ያደገ፣ ሳቂታ፣ ሰው የሚያምን ጎረምሳ።

ወንዙን የሚያውቅ የአገሬው ሰው ደግሞ አንድ መሻገሪያ ላይ ጠብቆ እንዲሳፈር አለቃቸው መልካሙ በስልክ ተስማምቶላቸዋል። ይስማው የሚባል ገበሬ ነው። ሁለቱም አይተውት አያውቁም።

መሻገሪያው ጋ ሳይደርሱ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አንድ ሰው ቋጥኝ ላይ ቆሞ እጁን አነሳ።

"ይስማው እኔ ነኝ" አላቸው።

ጋቢ የደረበ፣ ፊቱ ረጋ ያለ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነው። ቻላቸው ጀልባዋን አስጠጋለት። ሰውዬው ገብቶ መሃል ላይ ተቀመጠ።

መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ ሌላ ሰው ዳር ላይ ቆሟል። ጋቢውን እያውለበለበ ይጣራል። የሚለው ግን በውሃው ድምፅ ተውጦ አይሰማም።

"ማነው?" አለች እድላዊት።

"ተዪው" አላት ሰውዬው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ። "አእምሮውን ያመመው ነው። ጀልባ ባየ ቁጥር እንዲሁ ይሆናል።"

አለፉት።

እዚያ ሸለቆ ውስጥ ጀልባ መቼ ታይቶ ያውቃል? ብላ ያሰበችው... በኋላ ነው።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ውሃው የተኛበት ቦታ ደረሱ። ግራና ቀኙ ገደል፣ ሥሩ ጠባብ አሸዋ፣ አንድ ትልቅ ሾላ። እድላዊት እስከሚቀጥለው መሻገሪያ እንውረድ፣ እዚያ መንደር አለ አለች።

"እዚህ ይሻላል" አለ ሰውዬው። "ነገ ሰንበት ነው። ሰንበትን እዚህ እንረፍ።"

የቻላቸው መዳፍ በመቅዘፊያው ተልጦ ነበር። የጀልባዋም አንድ ጎን ቀስ እያለ ይተነፍሳል። ዕረፍቱን ሁለቱም ፈልገውታል። ድንኳናቸውን ተከሉ።

ሰውዬው ድንኳን አልፈልግም ብሎ ውሃው አጠገብ ቁጭ አለ።

ጠዋት ሲነሱም እዚያው፣ እንደዚያው ተቀምጦ ነበር።

እሁድ ጠዋቱ ደስ ይል ነበር። መለካት የለ፣ መቅዘፍ የለ። ቻላቸው ጀልባዋን ገልብጦ ቀዳዳዋን ይለጥፋል። እድላዊት እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች።

ሰው ሥራ ሲፈታ ያያል። እሷም ያን ጊዜ ነው ማየት የጀመረችው።

የሰውዬው የጋቢ ጫፍ እርጥብ ነው። ከተሳፈረ ጀምሮ እርጥብ ነው። ያ ሁሉ የቆላ ፀሐይ እያረፈበት አይደርቅም።

ከገደሉ ላይ የዝንጀሮ መንጋ ተሰብስቧል። ውሃ ጠምቷቸዋል። ትልቁ ወንድ ትንሽ ይወርድና ይቆማል... ያያል... ተመልሶ ይወጣል።

እኛን ፈርተው ነው ብላ አሰበች። ግን ቻላቸው ተነስቶ ወዲያ ወዲህ ሲል ዝንጀሮዎቹ ቁብም አልሰጡት። ሰውዬው እግሩን ሲያነሳ ግን መንጋው በሙሉ ተነሳ።

ከዚያ ሰውዬው መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ጥያቄ ጀመረ።

"እናትሽ ማን ይባላሉ?"

"ሐረገ ወይን።"

"ቤታችሁ ምኑ ላይ ነው?"

"ከገበያው ከፍ ብሎ። ባሕር ዛፎቹ ጋ።"

"የምትተኚው ከናትሽ ጋር ነው ወይስ እጓዳ?"

እድላዊት ሳቀች። "ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልዎታል ጋሼ?"

"ጨዋታ ነው" አላት። እሱ ግን አልሳቀም። ቀስ ብሎ ጠየቃት።

"የክርስትና ስምሽስ?"

ሳቋ ቆመ። ያገራችንን ነገር ታውቃላችሁ። የእናትን ስምና የክርስትና ስምን አንድ ላይ አድርጎ ለማያውቁት ሰው መስጠት የለም። የሚጠይቅም ሰው ለደግ አይጠይቅም።

"ረሳሁት" አለችው።

"ስም አይረሳም" አላት።

ይሄኔ ቻላቸው ከወዲያ ሆኖ፣ እጁ ማጣበቂያ እንደነካ፣ በቅንነት ተናገረ።

"ወለተ ሥላሴ አይደለሽ እንዴ? ባለፈው ነግረሽኝ የለ?"

ሰውዬው ወደ ቻላቸው ዞረ። ከንፈሩ ብቻ አንዴ ተንቀሳቀሰ።

ተነስቶ ከቋጥኙ ጀርባ ሄደ። እድላዊት ከቻላቸው ጋር ልትጣላ አፏን ስትከፍት... የሆነ ድምፅ ሰማች።

ቀስ ብላ ወደ ቋጥኙ ተጠጋች።

ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ቀለም እንደሚያጠና የቆሎ ተማሪ ደጋግሞ ያነበንባል።

"ሐረገ ወይን። ከገበያው ከፍ ብሎ። ባሕር ዛፎቹ ጋ።"

ዝም ይላል። እንደገና ይጀምራል።

"ሐረገ ወይን። ከገበያው ከፍ ብሎ..."

መጀመሪያ ላይ ድምፁ ወፍራም ነበር። እየደጋገመ ሲሄድ እየቀጠነ መጣ።

ከዚያ ሳቀ። "ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልዎታል ጋሼ?" አለ።

የሷ ሳቅ ነበር።

እድላዊት ወደ ኋላ እየረገጠች ወደ ጀልባዋ ተመለሰች።

"ቻላቸው" አለችው በሹክሹክታ። "ይሄ ሰውዬ ደህና አይደለም። የኔን ድምፅ እየተለማመደ ነው።"

ቻላቸው ትከሻውን ነቀነቀ። "ባላገር ብቻውን ያወራል። አንቺ ደግሞ ደክሞሻል። ዕረፊ ሲሉሽ ዕረፊ።"

ረፋዱ ላይ ከላይ ከመንደር አንዲት ሴት በቀጭኗ መንገድ ወረደች። ማንጠግቦሽ ትባላለች። ከቅዳሴ መልስ ናት፣ ነጠላዋን እንደተጣፋች። ወንዙ ላይ ጀልባ ቆሟል ሲባል ሰምታ ልታይ ነው የመጣችው። ለእንግዶቹም ዳቦ ይዛለች።

እድላዊትን ሳመቻት። ቻላቸውን ሳመችው። ሰውዬውን ስታይ ፊቷ በራ።

"አንተ ይስማው፣ ደግሞ ብለህ ብለህ ጀልባ ላይ ወጣህ?"

ሰውዬው አያት። አተኩሮ አያት።

"ደህና ነሽ?" አላት። "ስምሽን ማን ልበል?"

ማንጠግቦሽ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። ከዚያ ሳቋ ቀስ በቀስ ከፊቷ ጠፋ።

"ነይማ እህቴ፣ ጀልባዋን አሳዪኝ" ብላ እድላዊትን ክንዷን ይዛ ወሰደቻት። ጣቶቿ ክንዷ ውስጥ ሊገቡ ደርሰዋል።

"ይሄ ሰው ከየት ነው የተሳፈረው?" አለች በጆሮዋ።

"ከመሻገሪያው በላይ። ይስማው ነኝ ብሎን። ያውቁታል እንዴ?"

"ይስማው ያጎቴ ልጅ ነው። ባንድ ገበታ በልተን ነው ያደግነው።"

"ታዲያ እሱ አይደለም?"

ማንጠግቦሽ ወደ ኋላዋ ሰረቅ አድርጋ አየች።

"መልኩ እሱ ነው" አለች። "ዓይኑ ግን አላወቀኝም።"

እድላዊት ስልኳን አወጣች። "ኔትወርክ የት ይገኛል?"

"ገደሉ አፋፍ ላይ። ነይ ላውጣሽ። ቀትር ሳይሞላ።"

"ቀትር ሲሞላስ?"

ማንጠግቦሽ ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች። ነጠላዋን አጥብቃ መንገድ ጀመረች።

እድላዊት ቻላቸው ጋ ሄደች። "ተነስ። አብረን እንውጣ።"

"ማጣበቂያው አልደረቀም። ጀልባዋን ለማን ጥዬ?"

"ተዋት።"

"እድልዬ" አላት እየሳቀ፣ "ሂጂ ደውለሽ ነይ። ምሳ አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ።"

ሰውዬው ከሾላው ሥር ያያቸዋል። እድላዊት ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች።

"እኔ ሳልመጣ ጀልባዋ ውሃ አትንካ። እሺ?"

"እሺ። አንቺ ሳትመጪ አልነቃነቅም።"

ቃሉንም አላጠፈም።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ከራሳቸው በላይ ቆማለች። ጥላቸው እግራቸው ሥር ገብቷል። ስልኳ ኔትወርክ ያዘ። ገና ሳትደውል መልካሙ ደወለ።

"የት ጠፋችሁ?" አላት። "ስንቴ ደወልኩ። ስትጠፉብኝ ልፈልጋችሁ ራሴ መጣሁ። ይስማው እዚህ ከመሻገሪያው በላይ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቃችሁ ነው።"

"ይስማው እኛ ጋ ነው" አለች።

መልካሙ ማኘኩን አቆመ።

"እድላዊት... ይስማው አጠገቤ ተቀምጧል። ምሳ እየበላን ነው። ባለፈው ሦስት ሰው የያዘ ጀልባ አለፈኝ፣ ሁለት ናቸው ስለተባልኩ ሌሎች መስለውኝ፣ ብጣራም አልሰሙኝ ነው የሚለው።"

ያ ጋቢውን ሲያውለበልብ የነበረው ሰው ትዝ አላት።

"እስቲ እሱን ስጠኝ" አለች።

ስልኩን ማንጠግቦሽ ተቀበለቻት። "ሄሎ" አለች። አዳመጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"እሱ ነው" አለች። "ገና ሄሎ ስለው 'ማንጡ' አለኝ። እሱ ነው።"

እድላዊት ወደ ገደሉ ጫፍ ሮጣ ወደ ታች አየች።

ጀልባዋ አሸዋው ላይ የለችም።

ውሃው መሃል ላይ ናት። ቀስ እያለች ትወርዳለች። ቻላቸው ከፊት ይቀዝፋል። ሰውዬው መሃል ላይ ተቀምጧል።

ከኋላ... እሷ በምትቀመጥበት ቦታ... አንድ ሰው አለ።

ሴት ናት። ቢጫ ሻሽ አስራለች።

እድላዊት እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። ቢጫ ሻሿ ራሷ ላይ ነው።

"ቻላቸው!"

ድምፅዋ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። ታች አልደረሰም። ቻላቸው ዞር ብሎ ለሴትየዋ የሆነ ነገር ነገራት። ሴትየዋ ሳቀች። ትከሻዋ ሲነቃነቅ ከላይ ይታያል።

ከዚያ ወንዙ ታጠፈ። ጀልባዋም ከዓይን ጠፋች።

ማንጠግቦሽ አገሩን ስለምታውቅ በአቋራጭ ይዛት ወረደች። ሮጡ። እሾህ ቧጠጣቸው፣ ድንጋይ አንከባለላቸው። የሚቀጥለው መሻገሪያ ላይ ሲደርሱ ጀልባዋ ከግራር ጋር ታስራለች። ቻላቸው ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ይበላል።

በሕይወት መትረፉን አይታ እድላዊት እዚያው ቁጢጥ አለች።

ቻላቸው ቀና አለ።

"ምን ረስተሽ ተመለስሽ?" አላት።

ቀና ብላ አየችው። እሱም ቀስ በቀስ ያያት ጀመር። የተቀደደ ቀሚሷን፣ አቧራ የለበሰ ፊቷን፣ የደማ እግሯን። አጠገቧ ማንጠግቦሽን አየ። ዳቦው ከእጁ ወደቀ። መቅዘፊያውን አንስቶ በመሃላቸው ያዘ።

"እዚያው ሁኚ" አላት።

"ቻላቸው፣ እኔ ነኝ።"

"አሁን እኮ ነው የወጣሽው። በዚህ በኩል።"

"እኔ ገደሉ ላይ ነበርኩ። እትዬ ማንጠግቦሽን ጠይቃቸው።"

ማንጠግቦሽ ማለችላት፣ በቤተ ክርስቲያኗ ታቦት። መቅዘፊያው ዝቅ አለ። ሙሉ በሙሉ ግን አላስቀመጠውም።

"ገና ከመውጣትሽ ተመልሰሽ መጣሽ" አለ። "ከቋጥኙ ጀርባ። 'ደወልኩ፣ መልካሙ ቀጥሉ ብሏል' አልሽኝ። ጀልባዋን አብረሽኝ ገፋሽ።"

"ስናወራ ምን አልኩህ?"

ቻላቸው አሰበ። ሲያስብ ፊቱ እየነጣ ሄደ።

"ምንም አላልሽም። እኔ ያልኩትን... መልሰሽ ነበር የምትዪው።"

"ወዴት ሄደች?"

"ቤት። 'እናቴ ጋ አድሬ ልምጣ' አለች። ሰውዬውም ልሸኛት ብሎ አብሯት ወጣ።"

እድላዊት በዚያው ቅጽበት መንገዱን ልትጀምር ተነሳች። ማንጠግቦሽ እጇን ይዛ አስቀረቻት። አቀበቱ የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ብትነሺ ጫካ ውስጥ ነው የሚመሽብሽ አለቻት። መሻገሪያው ጋ ባለው፣ ኔትወርክ በማይደርስበት መንደር አሳደረቻቸው። መተኛት የሚባል ነገር ግን አልነበረም።

ጎህ ሲቀድ ከቻላቸው ጋር ጉዞ ጀመሩ። ቻላቸው ቀኑን ሙሉ አንድም ጊዜ ከፊቷ አልሄደም። ጀርባውን ሊሰጣት አልፈለገም።

ደጋው ጫፍ ላይ ሲወጡ ኔትወርክ መጣ። እናቷ ጋ ደወለች። አንዴ ጠርቶ ተነሳ።

"እማዬ?"

"ኧረ ቀስ በይ" አሉ እናቷ እየሳቁ። "ምን አይነቷ ናት። እጓዳ ተኝተሽ ስልክ ትደውያለሽ? ምሳው ደርሷል፣ ነይ ውጪ።"

እድላዊት መንገዱ ላይ ቆመች።

"እማዬ... እኔ እጓዳ አይደለሁም።"

እናቷ ተነሱ። የእግራቸው ኮቴ ተሰማ። የጓዳው መጋረጃ ሲገለጥ ተሰማ። ከዚያ የእናቷ ትንፋሽ ብቻ።

ስልኩ ተዘጋ። ደጋግማ ብትደውል ጥሪ አይቀበልም።

መካነ ኢየሱስ ሲደርሱ ገና ቀን ነው። መናኸሪያው ጋ ቻላቸው ቆመ። የደብረ ታቦር መኪና ሊነሳ ነበር። ቻው ሳይላት ገባ። ከዚያ ወዲህ ተገናኝተው አያውቁም።

እድላዊት በገበያው አልፋ ወደ ላይ ሮጠች።

እናቷ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ወይዘሮ ሐረገ ወይን፣ ነጠላቸው ወገባቸው ላይ ታስሮ፣ ሁለት እጃቸው መቃኑን ይዞ።

"እማዬ።"

ወይዘሮ ሐረገ ወይን አዩዋት። ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ። ከዚያ ዞር ብለው ወደ ቤት ውስጥ አዩ። እንደገና እሷን አዩ።

"እዚያው ቁሚ" አሏት።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ። እድላዊት ነኝ።"

"ነግራኛለች" አሉ እናቷ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። "መልኬን የለበሰች ትመጣለች ብላ ነግራኛለች።"

"ማን?"

ከጓዳ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ ከእንቅልፍ የነቃ፣ ስልል ያለ፣ የገዛ ራሷ ድምፅ።

"እማዬ... መጣች እንዴ?"

እድላዊት አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደች። እናቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። እንባቸው እየወረደ፣ ዓይናቸውን ከሷ ሳያነሱ፣ በሩን ዘጉት። መቀርቀሪያው ከውስጥ ተወረወረ።

እድላዊት በሩን ደበደበች። ስማቸውን ጠራች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከእሷና ከእናቷ በቀር ማንም የማያውቀውን ሁሉ በበሩ ስንጥቅ እየነገረች አለቀሰች።

ሲደክማት ዝም አለች። ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ጆሮዋን ሰጠች።

ከወዲያኛው በኩል የእናቷ ድምፅ ይሰማል። ቀስ ያለ፣ የሚያባብል። ልጅ ሆና ትኩሳት ሲይዛት እንደዚያ ነበር የሚያናግሯት።

"አይዞሽ ልጄ... አይዞሽ። ሄዳለች።"